መምህር ይርጋና የለቡ እንቁራሪቶች

መምህር ይርጋ ሞቱ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ድንኳን አልተተከለላቸውም፤ ዕድርተኛ አልተጠራላቸውም፤ እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ አልደረስኩም። የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ከእህታቸው ከእትዬ አስናቀች አፍ። እንደ ወትሮው ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ሰሐኑን መልሶ አስታቀፋቸውና “ከእንግዲህ አታምጪ” አላቸው። በዚያ በደርግ ዘመን እንደዚያ የተባለ ቤተሰብ ምን እንደተባለ ያውቀዋል። ማወቅና መነገር ግን ለየቅል ናቸው። እኔ እስከ ዛሬ ስለ እሳቸው ሳወራ “ናቸው” ልበል “ነበሩ” ልበል እያመነታሁ ነው።

ያኔ መካኒሳ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤ እተይባለሁ፤ ፈተና በስቴንስል አባዛለሁ፤ ስብሰባ ሲኖር ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። መምህር ይርጋ ባዮሎጂ ያስተምራሉ። ወደ ሃምሳ የተጠጉ፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ፣ ትዳር ያልያዙ ሰው ነበሩ፤ በፉሪ መንገድ ከእህታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ሲባጎ፣ ወረንጦና የደረቀ ቅጠል አይታጣበትም። ጫማቸው ክረምት ከበጋ ጭቃ ነው። ሰው ሲያናግራቸው ወዲያው አይመልሱም። አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ይቆያሉ፤ ከተናጋሪው ድምፅ ኋላ ሌላ ድምፅ የሚሰሙ ይመስላሉ። እኔን “እመት ጸሐፊ” ይሉኝ ነበር።

ከእሳቸው ጋር የተግባባነው በእኔ ስሕተት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፈተናውም የሚተየበው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሞ ፊደሉን እያየሁ ከመምታት በቀር ትርጉሙን አላውቀውም። አንድ ቀን “ስፒሽስ” የሚለውን ቃል ዐሥር ቦታ ላይ ዐሥሩንም ጊዜ ስቼ ጽፌው ኖሯል። መጥተው ስቴንስሉን በብርሃን አዩትና ምንም አልተቆጡም።

“ምን ማለት እንደሆነ ብታውቂ አትስቺውም ነበር” አሉኝ።

“ምን ማለት ነው ታዲያ?”

ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። “ባማርኛ ዝርያ እንለዋለን። ግን በቃል ብነግርሽ ነገ ትረሽዋለሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ከልጆቹ ጋር ነይ።”

ሄድኩ። ለቡ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ ያኔ የጤፍ ማሳና የግጦሽ መስክ ነበር፤ በክረምት ደግሞ ታችኛው በኩል ውኃ ያቁርና ረግረግ ይሆናል። ወደ ዐሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች በቦቲ ጫማ ጭቃውን እያቦካን ተከተልናቸው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መምህር ይርጋ ሣሩ ዳር ቁጢጥ አሉና እጃቸውን ዝቅ አድርገው ዝም አሰኙን።

እንቁራሪቶች ይጮሃሉ። እኔ አንድ ጩኸት ነው የሰማሁት፤ እንቁራሪት የሚባል አንድ ጩኸት።

“ስንት ናቸው?” አሉኝ።

“ብዙ።”

“ስንት ዓይነት ማለቴ ነው።”

ሁለት እንቁራሪት ይዘው መዳፋቸው ላይ አሳዩኝ። አንዷ ጀርባዋ ላይ አረንጓዴ መስመር አላት፤ ሌላዋ የላትም። ሁለት ዓይነት ናቸው አልኩ፤ በኩራት። እሳቸው ፈገግ አሉ። “መስመሩ ልብስ ነው። አንድ እናት ባለ መስመርም መስመር የሌለውም ትወልዳለች። እነዚህ እኅትማማች ናቸው። አሁን ዓይንሽን ጨፍኚና ስሚ።”

ጨፈንኩ። ቆይቶ ቆይቶ ጩኸቱ ተለየልኝ። አንደኛው ጥፍርን በማበጠሪያ ጥርስ ላይ ሲጎትቱት የሚሰማ ዓይነት ረጅም ድምፅ ነው። ሌላው አጭር ነው፤ በትንሽ እንጨት ጠቅ፣ ጠቅ እንደማድረግ። ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱም ድምፅ ከአንድ ረግረግ፣ ከአንድ ሣር ውስጥ ይመጣል፤ እንስሶቹን ግን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው መለየት አልችልም ነበር።

“የዚህኛው ሴት የዚያኛውን ጥሪ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች” አሉን። “አይጣሉም፤ አይገፋፉም። ባንድ ውኃ ይኖራሉ፤ አይጋቡም። ዝርያ ማለት ይኸው ነው።”

ከልጆቹ አንዷ “እንዴት ተለያዩ?” ብላ ጠየቀች። ማርታ ትባላለች። አባቷ ከሆሳዕና በኩል የመጡ አናጺ ናቸው፤ ቤተሰቡ ጴንጤ እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጮክ ብሎ ግን አያወራውም፤ ምክንያቱም ያኔ በጴንጤነት ሰው ይታሰር ነበር።

መምህር ይርጋ ሲመልሱላት የተጠቀሙት አነጋገር እስካሁን በጆሮዬ አለ። “አንድ ሕዝብ ነበሩ። መሬት ተሰነጠቀች፣ ሸለቆ መሐላቸው ገባ፣ ወይም ዝናብ ጠፍቶ ረግረጉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ቀረ። ከዚያ ልጅ በልጅ ላይ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ማንም ሳያስበው ድምፃቸው ተለወጠ። ብዙ ሺህ ዓመት ቆይቶ ውኃው ሲያገናኛቸው መልካቸው ያው ነው፤ ጥሪያቸው ግን አይግባባም። ማንም ማንንም አላሸነፈም። ተራራቁ፤ በቃ።”

እንዲህ ነበር የሚያስተምሩት። ክፍል ውስጥም ቢሆን ሰሌዳ ላይ ብዙ አይጽፉም። ልጆቹን ወደ ጓሮ ያወጧቸውና እያንዳንዱ በሲባጎ አንድ እርምጃ በአንድ እርምጃ የሆነ መሬት ከልሎ፣ በውስጡ በሕይወት ያለውን ሁሉ እንዲቆጥር ያዛሉ። አንድ ልጅ “ሣር፣ ጉንዳን” ብሎ ሁለት ነገር ጽፎ ሲያስረክብ ወረቀቱን መለሱለት። “ሣር የሚባል ነገር የለም፤ ቀረብ ብለህ እይ” አሉት። ልጁ ተናዶ ተንበረከከ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰባት ዓይነት ሣር ይዞ መጣ፤ ደግሞም ከጉንዳኖቹ መሐል ጉንዳን መስሎ የሚሄድ ሸረሪት አግኝቶ እጁ ላይ ሲያሳየን ፊቱ በርቶ ነበር። “ሣር የሚባል ነገር የለም” የሚለው አባባል ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ ሁሉ የሳቸው መለያ ሆነ።

ጥሪ የሚቀዱበትን ቴፕ ሪከርደራቸውን የወሰዱባቸውም በነዚያው እንቁራሪቶች ምክንያት ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መሐላቸው አስገብተው ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አመጧቸው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት እርጥብ ነው። ረግረጉ ውስጥ ተደብቀው ድምፅ ሲቀዱ ተገኙ ተባለ። ዳይሬክተሩ “መምህራችን ናቸው” ቢሉም ጓዶቹ ካሴቱ ይሰማ አሉ። ተሰማ። ቢሮው በእንቁራሪት ጩኸት ተሞላ። እኔ ከበሩ ጀርባ ሳቄን በመዳፌ አፍኜ ቆሜያለሁ። ከጓዶቹ አንዱም ሳቀ። ሌላው ግን አልሳቀም።

“ይህ ኮድ ቢሆንስ?” አለ።

መምህር ይርጋ እንደ ልማዳቸው ቆዩ። “ነው እንጂ” አሉ። “ለእኔ የተላከ ግን አይደለም።”

እንደ ቀልድ አልነበረም የተናገሩት፤ የሚያምኑበትን ነው። ጓዱ ከደረት ኪሱ ማስታወሻ አውጥቶ ጻፈው። ቴፑን ከነካሴቱ ይዘው ሄዱ፤ አልመለሱትም። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የፈራሁላቸው።

በሁለተኛው መንፈቅ ፈተና ላይ አዲስ ዝርያ እንዴት እንደሚገኝ አስረዱ የሚል ጥያቄ ነበር። ማርታ በእንግሊዝኛ አጥርታ መለሰች፤ ረግረጉን፣ ሸለቆውን፣ ጥሪውን። ከመልሷ ሥር ግን ባማርኛ ሁለት መስመር ጨመረች፦ “መምህር ያስተማሩን ይህ ነው፤ በሚገባ ተረድቼዋለሁ። እኔ ግን ሁሉን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን አምናለሁ፤ ይህን የጻፍኩት ሳልጽፍ ባልፍ እሱን የካድኩ ስለመሰለኝ ነው።”

መምህር ይርጋ ሙሉ ማርክ ሰጧት። ወረቀቱን ስትቀበል አጠገቧ የተቀመጠ ልጅ አንብቦት ኖሮ ወሬው በሁለት ቀን ውስጥ ጓድ ደሳለኝ ጋ ደረሰ።

ጓድ ደሳለኝ ከከፍተኛው አስተዳደር ለትምህርት ቤቶች የፖለቲካ ትምህርት የተመደበ ካድሬ ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ መገላገል ብችል ደስ ባለኝ። በመጣ ቁጥር የእናቴን ጤንነት ይጠይቀኛል። ዝግመተ ለውጥ የሚባለውን ትምህርት ደግሞ ከልቡ ይወደዋል፤ ከዝንጀሮ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ሶሻሊዝም በደረጃ የሚያወጣ መሰላል አድርጎ ነው የሚያስረዳው። የማርታን ወረቀት ፈለገው። ወረቀቱ ከተገኘ ልጅቷ እንደምትባረር፣ አባቷም እንደማይተርፉ ሁላችንም እናውቃለን።

ስብሰባው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። በዚያው ቀን ረፋዱ ላይ መምህር ይርጋ ቢሮዬ መጡ። ወረቀቱን ከልጅቷ ተቀብለውታል። አራት አጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

“እመት ጸሐፊ፣ ይህን የትም አስቀምጪው። የት እንዳስቀመጥሽው ግን እንዳትነግሪኝ።”

“ለምን?”

“ሲጠይቁኝ አላውቅም ስል እውነት እንዲሆን ነው። መዋሸት አልችልበትም።”

ከወጡ በኋላ ከጽሕፈት መኪናዬ ሥር ከተትኩት።

ስብሰባው ላይ አስተማሪው በሙሉ ነበር። እኔ ከጥግ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ጓድ ደሳለኝ ስለ መጤ ሃይማኖት ጥቂት ተናገረና ወደ መምህር ይርጋ ዞረ።

“ወረቀቱ የት ነው?”

“አላውቅም።”

“መልሰህ ተቀብለሃታል ተብሏል።” አንቱታው የቀረው እዚያ ላይ ነው።

“ተቀብያለሁ። አሁን የት እንዳለ አላውቅም።”

ጓድ ደሳለኝ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጋደም አደረገና ወደ እኔ ዞረ። “የፈተና ወረቀት የሚቀመጠው ጸሐፊዋ ዘንድ አይደል? አንቺ ታውቂያለሽ?”

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እጄ ወረቀቱ ላይ ደርቆ ቀረ። አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አውቃለሁ ልል ነበር? አላውቅም ልል ነበር? ሌሊት ሌሊት በሐሳቤ ሁለቱንም ብያቸዋለሁ።

መምህር ይርጋ ተነሥተው ቆሙ።

“ጓድ ደሳለኝ፣ ልጅቷን ተዋት፤ የተሳሳትከው አንተ ነህ” አሉ። ሰው ሁሉ ከእኔ ዓይኑን ነቅሎ ወደ እሳቸው አዞረ። “በየሳምንቱ ዝግመተ ለውጥ መሰላል ነው እያልክ ለልጆቹ ትነግራቸዋለህ። መሰላል አይደለም። ወደ የትም አይወጣም። እንቁራሪት ሰው ለመሆን እየጣረች አይደለችም፤ ምንም የጎደላት የለም። ሕይወት ቅርንጫፍ ታወጣለች እንጂ ሰልፍ አትወጣም። ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነበት መስክ ደግሞ አንድ በሽታ ነው የሚጨርሰው።”

“ይህን የምትለው ስለ እንቁራሪት ነው ወይስ ስለ ኅብረተሰብ?”

ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ያኔ አጭር መልስ ቢመልሱ፣ “ስለ እንቁራሪት” ብለው ቢቀመጡ ምናልባት ይተርፉ ነበር። “እኔ የማየውን ነው የማስተምረው” አሉ። “አንተ ስትሰማው ኅብረተሰብ ከመሰለህ፣ እሱን አንተ ታውቃለህ።”

ከዚያ በኋላ የማርታን ወረቀት ማንም አልጠየቀም። ስብሰባው ሲበተን መምህር ይርጋ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

“ጽፈሽዋል?”

“አዎ።”

“እንዳልኩት?”

“እንዳሉት።”

“ጎሽ” አሉኝና ወጡ። ቃለ ጉባኤውን ጓድ ደሳለኝ እዚያው ፈርሞ የካርቦን ቅጂውን ወሰደ። ማለዘብ እችል ነበር። “መምህር ይርጋ ስለ ዝግመተ ለውጥ አስተያየት ሰጡ” ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ቃል በቃል ጻፍኩት፤ እንደዚያ ነበር የሠለጠንኩት።

ማክሰኞ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ላንድሮቨር ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሁለት ሰዎች ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ ከመስኮቴ አየሁ። ልጆቹ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሰሌዳው ላይ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ልጨርስ ብለው ጠየቁ፤ ፈቀዱላቸው፤ ጨረሱ፤ ጠመኔውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን አራገፉ። በግቢው ሲያልፉ ወደ ቢሮዬ አልዞሩም። ለእኔ ብለው እንደሆነ ገባኝ።

ቤተ ሙከራው ውስጥ በሁለት የማርመላታ ብልቃጥ እንቁራሪቶች ነበሯቸው። ሳምንት ሙሉ ማንም ሊነካቸው አልፈለገም። እኔ ይዣቸው ለቡ ወረድኩ። የትኛው ብልቃጥ ማበጠሪያው፣ የትኛው እንጨቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ብልቃጥ ውስጥ ሆነው አይጮሁም። ሁለቱንም ሣሩ ላይ ደፋኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ እየዘለሉ ጠፉ።

የማርታን ወረቀት አቃጠልኩት። እሷ ዓመቱን ጨረሰች፤ በክረምቱ አባቷ ቤተሰቡን ይዘው ወደ አገራቸው ሄዱ። ለምን ወረቀቷ እንዳልተፈለገ ታውቅ እንደሆነ አላውቅም። እትዬ አስናቀች ሰባት ወር ስንቅ አመላለሱ፤ ከዚያ ያ ዘበኛ ሰሐኑን መለሰላቸው።

እኔ አገባሁ፤ ወለድኩ፤ እዚያው ቢሮ አረጀሁ። አንዳንድ ቀን ልጄ መስታወት ፊት ቆማ ሐሳብ ሲይዛት ጥፍሯን በማበጠሪያው ጥርስ ላይ ትጎትታለች። ያኔ ከክፍሉ ወጥቼ እሄዳለሁ። “እማዬ ምን ሆነሽ ነው?” ትለኛለች። ራሴን አሞኝ ነው እላታለሁ። በለቡ በኩል በሚኒባስ ሳልፍም ዝናብ ካባራ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ረግረጉ የነበረበት ቦታ ኮንክሪት ለብሷል፤ የሚጮህ ነገር የለም፤ እኔ ግን እዘጋለሁ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የትምህርት ቤቱን ዕቃ ግምጃ ቤት እንድናጸዳ ታዘዝን። ከአሮጌ መዝገቦች መሐል ያን ቃለ ጉባኤ አገኘሁት፤ በገዛ እጄ ጽሑፍ። የመምህር ይርጋ ንግግር ሥር በቀይ ተሰምሮበታል። ኮቴ ውስጥ ደብቄ ወሰድኩት። ለሁለት ሳምንት ቤት አቆየሁትና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ አስናቀች ቤት ሄድኩ።

አርጅተዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ምን እንደያዝኩ ስነግራቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና “አንብቢልኝ” አሉ።

አነበብኩላቸው። ጓድ ደሳለኝ ስለ ወረቀቱ ጠየቁ፤ መምህር ይርጋ የት እንዳለ እንደማያውቁ ገለጹ። ከዚያ ንግግራቸው፤ መሰላሉ፣ እንቁራሪቷ፣ ቅርንጫፉ። እትዬ አስናቀች ከንፈራቸውን ከእኔ ጋር ያንቀሳቅሱ ነበር።

“ድምፁ ነው” አሉ። “ራሱ ይርጋ ነው። ድገሚልኝ።”

ደገምኩላቸው። ሦስተኛ ጊዜ አስነበቡኝ። በሦስተኛው መሐል ላይ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

“እዚህ ጋ የጎደለ ነገር አለ” አሉ። “ወንድሜ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው አልነበረም። ልጅ ሆኖ እንኳ እናታችን በልተሃል ወይ ካላለችው ራበኝ አይልም። አላውቅም ብሎ ከመለሰ ዝም ይል ነበር። ምን አስነሣው? ከዚያ በኋላ የተጠየቀ ሰው አለ።”

ወረቀቱን አየሁት። በሁለቱ መስመሮች መሐል ምንም የለም። ያን ቀን ሁሉን ቃል በቃል ስጽፍ ያን አንድ ጥያቄ ዘልዬዋለሁ፤ እጄ ሲደርቅ ነው ያለፈኝ ብዬ ለራሴ ስነግረው ስንት ዓመት ኖርኩ።

“ማን ነበር የተጠየቀው?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ” አልኳቸው።

አላለቀሱም፤ አልተቆጡም። ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቀዩ መስመር የት እንዳለ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ።

“እንግዲያው እሱንም ጻፊበት” አሉኝ።